ስለ ፋብሪካ መኪናዎች የማስጠንቀቂያ ድምፅ፤ አስመጪውና ባለሱቁ ሊያውቁት የሚገባ

ከአንድ ፋብሪካ ጠቅላላ ዕቃ መካከል በዋጋ እጅግ ከሚያንሱት አንዱ በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ የሚገጠመው የድምፅ ማስጠንቀቂያ ነው። መኪናው በሚሊዮን በሚቈጠር ብር ሲገዛ፥ አንድ ነገር ሲበላሽ የሚጮኸው ትንሽ ቡዘር ግን ብዙ ጊዜ በትእዛዙ ዝርዝር መጨረሻ ላይ «አንድ ፍሬ፥ 24 ቮልት» ተብሎ በአንድ መሥመር ይጻፋል። ከዚህም የተነሣ አስመጪው የሚያመጣው በካታሎጉ ላይ ቁጥሩ ያማረለትን፥ ባለሱቁም የሚሸጠው በመደርደሪያው ላይ ያገኘውን ይሆናል። ዕቃው በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ጆሮ ያደነቁራል፤ ከፋብሪካው ከተገጠመ በኋላ ግን ሰሚ አያገኝም። ገዥውም ዕቃውን ይዞ ይመለሳል። ከዚህ የሚከፋው ግን ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ጉድለቱ የሚታወቀው በአደጋው ቀን ነውና።

ድምፅን ለማስጠንቀቂያ ማዋል ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ነጋሪት ሲጎሰም ዐዋጅ መኖሩን፥ የቤተ ክርስቲያን ደወል ያለ ሰዓቱ ሲደወል አንድ ክፉ ነገር መድረሱን ሰው ሁሉ ሳይነገረው ይረዳ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው የነጋሪቱ ጥቅም ከድምፁ ኀይል ብቻ ያልመጣ መሆኑ ነው፤ ለተራ ጉዳይ ስለማይጎሰም ጭምር ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ ይፈለጋልና።

በፋብሪካ በኩል ለዚህ ሥራ ቀደም ብለው ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱ የእንፋሎት ፊሽካ ነው። በዌልስ አገር ዳውሌይስ በተባለው የብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረ አድሪያን ስቲቨንስ የሚባል ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ ዓመታት እንደ ሠራው ይነገራል። ዓላማውም የሥራ ሰዓት ለመንገር ሳይሆን በቦይለሩ ውስጥ ውሃ መጉደሉን ለማስታወቅ ነበር። ውሃው የጎደለበት ቦይለር ሊፈነዳ ስለሚችል፥ ጠባቂው ዐይኑን ከመለኪያው ቢያነሣ እንኳ ጆሮው እንዲነግረው ታስቦ ነው። ከዚህ በኋላ በ1908 አሜሪካዊው ሚለር ሪስ ሐቺሰን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ጥርሳም መንኰራኵር አንድን ስስ ብረት እየመታ የሚያስጮኸውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ ስሙም ክላክሰን ተባለ። በአማርኛ የአውቶሞቢል ጥሩምባ «ክላክስ» መባሉ ከዚሁ የመጣ ነው። ሐቺሰን አስቀድሞ ጆሯቸው ለደከመ ሰዎች የኤሌክትሪክ መስሚያ የፈለሰፈ ሰው ስለ ነበር፥ ክላክሱን የሠራው ሰውን አደንቁሮ መስሚያውን ለመሸጥ ነው ተብሎ ተቀልዶበታል። ለነጋዴ የማይረሳ ቀልድ ነው።

በዛሬው ገበያ የሚገኙት ዕቃዎች ከጥቂት ወገን ይመደባሉ። አንደኛው በመግነጢስና በተጠመጠመ ሽቦ የሚሠራው፥ እንደ ንብ ጥዝ የሚለው አሮጌው ቡዘርና የሥጋ ዘመዱ ደወሉ ነው። ድምፃቸው ወፈር ያለ ነው፤ ነገር ግን በውስጣቸው የሚከፈትና የሚዘጋ መገናኛ ስላላቸው መገናኛው ይበላል፥ ብልጭታም ያወጣል። ሁለተኛው ፒየዞ የሚባለው ነው። ፒየር ኩሪና ወንድሙ ዣክ ኩሪ በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች በተጫኑ ጊዜ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አገኙ፤ ነገሩ ሲገለበጥ፥ ማለት ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው፥ እንዲህ ያሉ ነገሮች ይንቀሳቀሳሉ። ትንሹ የሰሌዳ ቡዘር የሚሠራው በዚህ ጠባይ ነው። የሚበላው ኤሌክትሪክ ጥቂት ሚሊ አምፔር ብቻ ነው፤ የሚላላስ መገናኛ ስለሌለው ዕድሜው ረጅም፥ ዋጋውም አነስተኛ ነው። ድምፁ ግን ቀጭንና ሹል ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ከ2500 እስከ 4000 ኸርዝ አካባቢ ይገኛል። ሦስተኛው ልዩ ልዩ ዜማ ለማሰማት የሚችለው ኤሌክትሮኒክ ጥሩምባ ሲሆን፥ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ከ100 እስከ 120 ዴሲቤል የሚደርስ ኀይል አለው። በሞተር የሚዞረው ሳይረን ለሰፊ ግቢ እንጂ ለመኪና ሰሌዳ ስለማይሆን ለጊዜው ይቈይ።

አሁን ነጋዴው ከሁሉ በላይ ወደሚሳሳትበት ነገር እንመለስ፤ ይኸውም በካታሎጉ ላይ ያለው የዴሲቤል ቁጥር ነው።

ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር የሚደመር መለኪያ አይደለም። 90 ዴሲቤል የሚሰጡ ሁለት አንድ ዓይነት ቡዘሮች ጎን ለጎን ቢገጠሙ ውጤቱ 93 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ «አንዱ ካልበቃ ሁለት ልሽጥልህ» የሚለው ባለሱቅ ገንዘቡን እጥፍ ሲቀበል ድምፁን ግን እጥፍ አላደረገም። በ10 ዴሲቤል የሚበልጥ ድምፅ በኀይሉ ዐሥር እጥፍ ሲሆን፥ ለሰው ጆሮ የሚሰማው ግን በግምት ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ነው።

ሁለተኛውና ዋነኛው ነገር ርቀት ነው። ድምፅ ገላጣ በሆነ ሥፍራ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቍጥር 6 ዴሲቤል፥ ዐሥር እጥፍ በሆነ ጊዜ ደግሞ 20 ዴሲቤል ይቀንሳል። ፋብሪካዎች ግን ሁሉም ከአንድ ርቀት ላይ አይለኩም። አንዱ በ10 ሳንቲ ሜትር፥ ሌላው በ30 ሳንቲ ሜትር፥ ሌላው በ60፥ ሌላው ደግሞ በ1 ሜትር ላይ ለክቶ ቁጥሩን ያትማል። እንግዲህ ሦስት ቡዘሮች በሦስት ካታሎግ ላይ እኩል «90 ዴሲቤል» ተብለው ቢጻፉ፥ በ10 ሳንቲ ሜትር የተለካው በአንድ ሜትር ላይ የሚሰጠው 70 ብቻ ነው፤ በ30 ሳንቲ ሜትር የተለካው ወደ 80 ይጠጋል፤ በ1 ሜትር የተለካው ግን በእርግጥ 90 ነው። ከፊተኛውና ከኋለኛው መካከል ያለው የኀይል ልዩነት መቶ እጥፍ ነው። ርካሽ የሆነው ዕቃ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም። የሚለካበት ርቀት ያልተጻፈበት ካታሎግ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ያለ መለኪያ አሐድ እንደ ተጻፈ የጨርቅ ርዝመት ይቈጠራል፤ ክንድ ይሁን ሜትር አይታወቅም።

ምን ያህል ድምፅ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መልስ አዘጋጅቶለታል። ኢሶ 7731 የተባለው በሥራ ቦታ ስለሚሰማ የአደጋ ምልክት የተጻፈ ደረጃ ሲሆን በ2003 እንደ ተሻሻለው፥ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሠራተኛው በቆመበት ሥፍራ ከ65 ዴሲቤል እንዳያንስና በአካባቢው ካለው ጫጫታ ቢያንስ በ15 ዴሲቤል እንዲበልጥ ይጠይቃል፤ ከ118 ዴሲቤል ማለፍም እንደማይገባው ይናገራል። እዚህ ላይ «ሠራተኛው በቆመበት ሥፍራ» የሚለው ቃል ሊታለፍ አይገባም። የሚለካው በቡዘሩ አፍ ሳይሆን በሰሚው ጆሮ ዘንድ ነው።

ይህን በምሳሌ ለማየት አንድ የዱቄት ፋብሪካን እንውሰድ። ወፍጮዎቹ ሲሠሩ ጫጫታው 85 ዴሲቤል ነው እንበል፤ ሠራተኛውም ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ 8 ሜትር ርቆ ከረጢት ይሞላል። ድምፁ ከጆሮው ዘንድ 100 ዴሲቤል ሆኖ መድረስ አለበት ማለት ነው። ከ8 ሜትር ወደ 1 ሜትር ወደ ኋላ ስንቈጥር 18 ዴሲቤል ይጨመራል፤ ስለዚህ ከሰሌዳው ላይ የሚገጠመው ጥሩምባ በ1 ሜትር ላይ 118 ዴሲቤል ሊሰጥ ይገባዋል። በ10 ሳንቲ ሜትር 90 ተብሎ የተገዛው ቡዘር ግን ከዚያ ሠራተኛ ዘንድ ሲደርስ 52 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም በጸጥታ ቢሮ ውስጥ ከሚደረግ ንግግር አይበልጥም። በቤት ውስጥ ግድግዳና ጣራ ድምፅን ስለሚመልሱ ጉድለቱ ከዚህ ሒሳብ ጥቂት ያነሰ ይሆናል፤ ቢሆንም የተጋነነ ነው ሊባል አይቻልም።

118 ዴሲቤል የሚጮኽ ጥሩምባ ደግሞ ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በሰሌዳው አጠገብ ለሚቆመው ሰው ጆሮ ጐጂ ከመሆኑም በላይ፥ ድንገት ሲጮኽ ሰውየው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰውም እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጉድለቱ ሳይሆን ወደ ማጥፊያው ነው። ስለዚህ አንድ ታላቅ ጥሩምባ ከመሸጥ ይልቅ መካከለኛ ኀይል ያላቸውን ሁለት ወይም ሦስት በየሠራተኛው አቅራቢያ እንዲገጠሙ መምከር ይሻላል። ከ2 ሜትር ላይ የሚሰማው ሰው በ1 ሜትር 106 ዴሲቤል የሚሰጥ ይበቃዋል። ይህ ምክር ለሻጩም ቢሆን የሚጎዳ አይደለም።

ጫጫታው ከዚህ በሚበልጥበት ሥፍራ፥ ለምሳሌ በመወርወሪያ በሚሠሩ የሽመና መኪናዎች አዳራሽ 95 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ በሚደርስበት፥ በድምፅ ብቻ መተማመን ትርፍ የለውም። በእንደዚህ ያለ ቦታ ጥሩምባው ብልጭ ድርግም ከሚል መብራት ጋር መቀናጀት ይገባዋል።

ከኀይሉ ቀጥሎ የሚታሰበው የድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ነው። ለብዙ ዓመታት በጫጫታ ውስጥ የሠራ ሰው ጆሮው መጀመሪያ የሚደክመው በ4000 ኸርዝ አካባቢ ላሉት ቀጭን ድምፆች ነው። ሰው በዕድሜ ሲገፋም እንደዚሁ በቅድሚያ የሚጠፋበት ቀጭኑ ነው። በጆሮ ውስጥ የሚከተተው መከላከያም ከወፍራሙ ይልቅ ቀጭኑን ድምፅ አብልጦ ይዘጋል። እንግዲህ ሃያ ዓመት በፈትል መኪና አጠገብ ለቆመች ሴት 3500 ኸርዝ የሚጮኽ ፒየዞ ቡዘር መግጠም፥ ጆሮዋ በተዘጋበት በር በኩል ማንኳኳት ነው። ቡዘሩን የሸጠው ወጣት በሱቁ ውስጥ አጥርቶ ይሰማዋል፤ የገጠመው ኤሌክትሪሲያንም ይሰማዋል፤ የማትሰማው ድምፁ የተሰናዳላት እርሷ ብቻ ናት። ቀደም ብሎ የተጠቀሰው ደረጃ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከ500 እስከ 2500 ኸርዝ ባለው ክልል እንዲሆን፥ ጆሯቸው ለደከመና መከላከያ ለሚያደርጉ ሠራተኞችም ከ1500 ኸርዝ በታች በቂ ኀይል እንዲኖረው የሚመክረው ስለዚህ ነው። ፒየዞው ጸጥ ላለ የመቆጣጠሪያ ክፍልና መኪናውን በቅርብ ለሚያንቀሳቅስ ሰው መልካም ዕቃ ነው፤ ለአዳራሽ ግን አልተሠራም።

ከዚህም ሌላ ቀጥ ብሎ ሳይለዋወጥ የሚጮኽ ቀጭን ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ያስቸግራል። ዐሥር መኪና በተደረደረበት ቤት አንዱ ሲጮኽ ሠራተኞቹ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ወዲያና ወዲህ ሲመለከቱ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። የሚቆራረጥ ወይም ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚመላለስ ድምፅ ይሻላል።

ሰው ድምፁን ሰማ ማለት ነገሩን ተረዳ ማለት አይደለም። ይህን በመራራ ሁኔታ ያስተማረው ነሐሴ ላይ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 14 ቀን 2005፥ ሔሊዮስ በተባለው የቆጵሮስ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ የደረሰው አደጋ ነው። ከላርናካ ተነሥቶ ወደ አቴና ይበር በነበረው ቦይንግ 737 ውስጥ የአየሩ ግፊት መቆጣጠሪያ በትክክለኛው ቦታ ላይ ስላልነበረ፥ አውሮፕላኑ ከፍ ባለ ቍጥር በውስጡ ያለው አየር ይሳሳ ጀመር። የማስጠንቀቂያው ጥሩምባ እንደሚገባው ጮኸ። ነገር ግን ያው የሚቆራረጥ ድምፅ በምድር ላይ ሳሉ አውሮፕላኑ ለመነሣት አለመዘጋጀቱን ለማስታወቅም የሚያገለግል ነበር። አብራሪዎቹ ድምፁን የተረዱት በዚሁ በሚያውቁት ትርጕም ነበር፤ ይህ በአየር ላይ ሊሆን የማይችል ነገር ስለ ሆነባቸውም ግራ ገባቸው። ምክንያቱን ሲፈልጉ አየሩ አነሳቸውና ራሳቸውን ሳቱ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 121 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ጥሩምባው አልተበላሸም፥ ኀይሉም አላነሰም ነበር፤ ጉድለቱ አንዱ ድምፅ ሁለት ትርጕም የተሰጠው መሆኑ ነው።

ከዚህ አደጋ የዱቄት ወፍጮ ባለቤት ምን ያገኛል ይባል ይሆናል። ብዙ ያገኛል። በአንድ ቤት ውስጥ ከረጢት አለቀ ለማለትና ሞተር ጋለ ለማለት አንድ ዓይነት ቡዘር የተገጠመበት ፋብሪካ ጥቂት አይደለም። ከረጢት በቀን ሠላሳ ጊዜ ያልቃል፤ ሞተር በዓመት አንድ ጊዜ ይግል ይሆናል። በሠላሳ አንደኛው ጩኸት ጊዜ ሠራተኛው ዘወር ብሎ የሚያየው ከረጢቱን ነው። አስመጪው ዜማው የሚለዋወጥ ጥሩምባ ቢያቀርብ፥ ወይም ባለሱቁ ለተራው ጉዳይ ለስለስ ያለ ድምፅ፥ ለአደጋው ደግሞ የተለየ እንዲገዛ ቢመክር፥ የዋጋው ልዩነት ከአንድ የተቃጠለ ሞተር ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ጮኾ ፋታ የሚሰጠውና መልሶ ሦስት ጊዜ የሚጮኸው ዜማ፥ ኢሶ 8201 በተባለው ደረጃ ሕዝብ ከሕንፃ እንዲወጣ ለማዘዝ የተመደበ ስለ ሆነ ለመኪና ጉዳይ እንዳይውል መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የጩኸት መብዛትም እንደ ማነሱ ያለ ጥፋት ነው። በጁላይ 24 ቀን 1994 በዌልስ ሚልፎርድ ሄቭን በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታ ደርሶ ነበር። ከፍንዳታው በፊት በነበሩት የመጨረሻ 11 ደቂቃዎች ውስጥ በመቆጣጠሪያው ክፍል የነበሩት ሁለት ሠራተኞች 275 ማስጠንቀቂያዎች እንደ ደረሷቸው በምርመራው ተገልጿል። ይህም በየሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ አንድ ማለት ነው። 26 ሰዎች ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው፤ ለማደሻ የወጣውም ገንዘብ ወደ 48 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል። በ1979 በአሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው የአቶም ኀይል ማመንጫ በደረሰው አደጋም እንደዚሁ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከመቶ የሚበልጡ ማስጠንቀቂያዎች ባንድነት ነቅተው ነበር። አንዱን ከሌላው ለይቶ ቅደም ተከተል የሚሰጥ ሰው በዚያ ሰዓት ከየት ይመጣል? በየመለኪያው ላይ ቡዘር እንዲገጠምለት የሚጠይቅ ደንበኛ የመጣ እንደ ሆነ፥ ነጋዴው ዝርዝሩን ተቀብሎ ከመደሰቱ በፊት ይህን ቢነግረው ወዳጅነቱ ይጸናል።

ለዱቄት፥ ለስኳርና ለእንጨት ሥራ ፋብሪካ የሚሸጥ ሰው አንድ ሌላ ብርቱ ነገር ማወቅ አለበት። በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት እንደ ባሩድ ይፈነዳል። በሜይ 2 ቀን 1878 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ዋሽበርን ኤ የተባለው ታላቅ የዱቄት ፋብሪካ በዚህ ምክንያት ፈንድቶ 18 ሠራተኞች ሞተዋል። መገናኛው ብልጭታ የሚያወጣ ተራ ደወል ዱቄቱ በሚቦንንበት ክፍል መግጠም እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ክብሪት ማኖር ነው። ለእንደዚህ ያለ ቦታ የሚሆነው ፍንዳታ እንዳያስነሣ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት የተሰጠው ዕቃ ነው፤ ለአውሮፓ ገበያ የሚሠሩት በስድስት ማዕዘን ውስጥ በተጻፉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታወቃሉ። ምልክቱን በማየት ብቻ ግን መርካት አይገባም፤ የምስክር ወረቀቱ ለጋዝ ብቻ ወይስ ለአቧራም ነው ብሎ መጠየቅ ያሻል። ፍንዳታ ለማያሰጋበት ተራ ሥፍራ አቧራና ውሃ መከላከያውን የሚያሳየው አይ.ፒ. የተባለው ቁጥር ይበቃል፤ አይ.ፒ. 65 ሲባል 6 አቧራ ፈጽሞ የማያስገባ፥ 5 ደግሞ በቧንቧ የሚረጭ ውሃ የሚችል ማለት ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ጥቂት ቃል እንጨምር። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳዎች በብዙው የሚሠሩት በ24 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ የከተማው መሥመር ግን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ነው። ለአንዱ የተሠራው ለሌላው አይሆንም። በቀጥተኛው ላይ የሚሠራ ቡዘር አወንታና አሉታ ሽቦው ከተዛወረ ዝም ይላል፤ ከዚህ የተነሣ ደኅና ሳለ «የተበላሸ» ተብሎ የሚመለስ አለ። ሌላው ለባለሱቁ ራስ ምታት የሚሆነው፥ ቡዘሩ ሳይታዘዝ በዝቅተኛ ድምፅ ሲያጉረመርም ነው። ፒየዞ ጥቂት ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሚፈልግ በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ በኩል ሾልኮ የሚያልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ያነቃዋል። መድኀኒቱ ከቡዘሩ ጎን አንድ ሬዚስተር ማሠር ነው እንጂ ዕቃውን መለወጥ አይደለም። በሽቦ ጥምጥም የሚሠራው ደወል ደግሞ በሚጠፋበት ጊዜ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ስለሚተፋ፥ በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ለሚሠራው ዲዮድ ያስፈልገዋል።

እጅግ ትንሽ ሆኖ ብዙ ያከራከረ ነገር አለ። በአንዳንድ ቡዘሮች አፍ ላይ አንዲት ክብ ወረቀት ተለጥፋ ትመጣለች፤ በፋብሪካው ዕቃው ሲታጠብ ውሃ እንዳይገባ የተለጠፈች ናት። ከተገጠመ በኋላ መነሣት ሲገባት ሰው ጌጥ መስላው ይተዋታል፤ ድምፁም ይታፈናል። እንዲሁም ቡዘሩ በተዘጋው የብረት ሣጥን ውስጥ የተገጠመ እንደ ሆነ ከኀይሉ ብዙው በውስጥ ይቀራል፤ አፉ በበሩ በኩል ወደ ውጭ ሊወጣ ይገባል። ለዚህም በሰሌዳው ላይ ያለው ቀዳዳ 22 ሚሊ ሜትር ነው ወይስ በአሜሪካኑ ልማድ 30 ነው ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ድሪልና ሞረድ ከመፈለግ ያድናል።

የኤሌክትሪክ ኀይል በሚቋረጥበት ሰዓት ዝም የሚል ማስጠንቀቂያ፥ ኀይል በመቋረጡ የሚበላሸውን ዕቃ ለመጠበቅ አይችልም። ይህ ይልቁንም አበባ፥ ሥጋና አትክልት የሚልኩ ነጋዴዎችን ይመለከታል። ማቀዝቀዣው ክፍል በሌሊት ቢቆም ከሰሌዳው ላይ ያለው ቡዘር ባዶ መጋዘን ውስጥ ሲጮኽ ያድራል፤ ዘበኛው ያለው በበሩ ነው። ጥሩምባው ከዘበኛው ማደሪያ አጠገብ፥ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ሆኖ መገጠም አለበት። ጠዋት በሩ ሲከፈት የሚገኘው የሞቀ ሣጥን በውጭ አገር ገዥ ዘንድ ምን ዋጋ እንደሚያወጣ ላኪው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

በአስመጪው በኩል ዕቃው በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ሥርዓት በቁጥር 85.31 የሚመደብ ሲሆን፥ የአውቶሞቢል ክላክስ ግን በ85.12 ይገኛል፤ ሁለቱን በአንድ ደረሰኝ ቀላቅሎ «ጥሩምባ» ብሎ ማስመጣት በጉምሩክ ክርክር ያስነሣል። ለዝቅተኛ ቮልት የተዘጋጁ የመቆጣጠሪያ ዕቃዎች በተራው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ እንዲሠሩ ታስበው የሚሠሩ ስለ ሆኑና አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ስለ ሆነች፥ ከፍታውን በጥያቄው ደብዳቤ ላይ መጥቀስ ልማድ መሆን ይገባዋል። ከደንበኛው ወገን የሚነሣውን ጥያቄ በተመለከተ ደግሞ፥ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድደዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2006 ባወጣው የመኪናዎች መመሪያ፥ ሠራተኛው አደገኛውን ክፍል ሁሉ ከቆመበት ለማየት የማይችልበት መኪና ከመንቀሳቀሱ በፊት በድምፅ ወይም በብርሃን እንዲያስጠነቅቅ አዝዟል፤ ከዚያ አገር አዲስ መኪና የሚያስመጣ ሰው ይህ መሣሪያ አብሮ መምጣቱን ይመርምር።

ለውጭው አቅራቢ የሚጻፈው የዋጋ ጥያቄ እንግዲህ ከአንድ መሥመር ሊበልጥ ይገባዋል ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

«በ24 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፥ በ1 ሜትር ርቀት ሲለካ ከ106 ዴሲቤል የማያንስ፥ የድምፁ ድግግሞሽ ከ500 እስከ 1500 ኸርዝ ባለው ክልል የሆነ፥ ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ዜማ ያለው፥ ኀይሉ ዝቅና ከፍ ሊል የሚችል፥ ሳያቋርጥ ለመጮኽ የተፈቀደለት፥ መከላከያው አይ.ፒ. 65፥ በ2500 ሜትር ከፍታ ለሚሠራ የሚስማማ ኤሌክትሮኒክ ጥሩምባ ሃያ ፍሬ። የሚበላው ኤሌክትሪክ በሚሊ አምፔር ይገለጽ። ድምፁ ከየትኛው ርቀት ላይ እንደ ተለካ በፕሮፎርማው ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር። አንድ ናሙና አስቀድሞ ይላክ።»

በመጨረሻው ላይ ያለው ናሙና የሚባለው ነገር ኤል.ሲ. ከመከፈቱ በፊት መድረስ አለበት። በደረሰም ጊዜ በሱቅ ጠረጴዛ ላይ አይሞከር። ወደ ደንበኛው ፋብሪካ ተወስዶ፥ መኪናዎቹ ሁሉ በሥራ ላይ ሳሉ፥ በሮቹ እንደ ልማዳቸው ተዘግተው፥ ሠራተኞቹም የጆሮ መከላከያቸውን እንዳደረጉ ይሞከር። የሚጠየቀውም ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ከሁሉ ርቆ የሚቆመውና በዕድሜ የገፋው ሠራተኛ ነው፤ ድምፁን ሲሰማ እጁን እንዲያነሣ አስቀድሞ ይነገረው።